ለጉበት የተጠራ ዋስ

በአገራችን ዋስ የማይጠየቅበት ነገር ካለ ንገሩኝና ልወቀው። ሥራ ስትቀጠሩ ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ፖሊስ ጣቢያ ከገባችሁ ለመውጣት ዋስ አምጡ ትባላላችሁ። ሚስት ልናገባ ስንል ሽማግሌ የምንልከውም፣ ስሙን አሳምረን ጠራነው እንጂ፣ ያው ዋስ ነው፤ «ይህ ልጅ አይማታም፣ አይሰክርም» ብሎ በሰው አመል ላይ የሚምል ዋስ። እኔ ሸምሱ፣ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሚስማርና ማጠፊያ፣ ቀለምና ቧንቧ የምሸጥ ሰው፣ በዕድሜዬ ያልፈረምኩለት ሰው ቢቆጠር ይቀላል። ለተቀጠረ ፈርሜያለሁ፣ ለተጣላ ፈርሜያለሁ፣ አንድ ጊዜ የሰው ማሳ ውስጥ ለገባ በሬ ሳይቀር ፈርሜያለሁ። የበሬውን ነገር ተዉት። ፊርማዬ ከእኔ ከራሴ በላይ ሐዋሳን ዞሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር። ሰው ሲቸገር «ሸምሱ ጋ ሂድ» ሲባል መስማት ደስ ይላል። ለሰው ጉበት ዋስ ሁን የሚለኝ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከሱቄ ጎን ጎሚስታ አለ። እዚያ ጎማ የሚለጥፈው ሰው ማቴዎስ ይባላል፤ አርባ ዓመት አልሞላውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞያሌ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡን አመመውና ትራማዶል የሚሉትን ኪኒን ጀመረ። ኪኒኑ ወገቡን ተወና እሱን ያዘው። ከኪኒን ወደ መርፌ ተሻገረ፤ መርፌውንም አብሮት ከሚነዳ ጓደኛው ጋር ለሁለት ይወጉበት ነበር። በዚያ መንገድ ላይ መኪናውን አጣ፣ ቤቱን አጣ፣ ሚስቱም ልጃቸውን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ጓደኛው ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ። ማቴዎስ ከቀብር ሲመለስ ነው እግሩ ወደ ሕክምና የመራው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጤና ጣቢያ ይሄድና በነርሷ ፊት አንድ መድኃኒት ይጠጣል፤ ያቺን ከጠጣ አምሮቱ ያርፍለታል፣ እሱም መጥቶ ጎማውን ይለጥፋል። ይህን ሁሉ የሰፈሩ ነጋዴ ያውቃል። ማንም አልሸሸውም። እንዲያውም «ጀግና ነህ» ያላለው የለም።

አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሱቄ በር ላይ ቆመና «ጋሽ ሸምሱ፣ ዋስ ይሁኑኝ» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ማንን እንደመታ ጠየቅኩት። ማንንም አልመታም። ለክትባት ነው። ነገሩ አልገባኝም፤ ግን እምቢ ማለት አላውቅበትምና ሱቄን ለልጄ ትቼ ባጃጅ ይዘን ሄድን።

ሲስተር አስቴር ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። የሱስ ሕክምናውን ክፍል የምትመራው እሷ ናት። አስቀምጣ አስረዳችኝ። የጉበት በሽታ ብዙ ዓይነት አለው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው በደምና በግብረ ሥጋ፣ በወሊድም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በአንድ መርፌ ለሁለት የተወጉ ሰዎች ዋነኛ ጠላታቸው ነው። ማቴዎስ ተመርምሯል፤ በዚያ ሁሉ መርፌ መሃል አልፎ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱን ስትነግረው እንዳለቀሰ ነገረችኝ፤ የጓደኛውን ሞት የሚሞት መስሎት ነበርና። ታዲያ አሁን ንጹሕ ሳለ ክትባቱን መውሰድ አለበት። ሱስ ማለት ወጥተው የሚመለሱበት ቤት ነው፤ አላህ አያድርገውና አንድ ቀን እግሩ ቢያዳልጠው እንኳ ጉበቱ ይተርፋል። ችግሩ ክትባቱ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያም በስድስተኛው ወር።

ሦስት ጊዜ! እኛን ታውቁን የለ? ለመጀመሪያው ተጋፍተን እንመጣለን፣ ለሁለተኛው ልቅሶ ይገጥመናል፣ ሦስተኛውን እናቱም አታስታውሰው። በሲስተር አስቴር ክፍል የሚታከሙት ደግሞ ስልካቸው የሚለዋወጥ፣ አድራሻቸው የማይጨበጥ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ አንዱን ተወግተው ይጠፉባታል። ብትቸገር የራሷን ዘዴ ፈጠረች፤ ከየትም መመሪያ ሳይመጣላት፣ «ዋስ የሌለው እንዳይመጣ» አለች። ዋሱ ስሙንና ስልኩን ይሰጣል፣ ይፈርማል፤ ሰውየው በቀኑ ካልመጣ የምትደውለው ለዋሱ ነው። ሰውን ዋስ የለህም ብላ አባርራ ታውቃለች ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ አንድም ቀን አባርራ እንደማታውቅ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ዋስ ላጣ ሰው እሷው ትፈርምለታለች። እኔም ፈረምኩ። ማቴዎስ ክንዱን ሰጠ፣ ተወጋ፣ ቢጫ ካርዱን ተቀብሎ በደረት ኪሱ ከተተው።

በወሩ ለሁለተኛው ስንሄድ ሳይደወልልኝ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ እስኪወጋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ሲስተር አስቴር በመነጽሯ አናት አየችኝና፣ እንዲሁ ከመቀመጥ ጣቴን ሰጥቻት እንድመረመር ጠየቀችኝ። እኔ? ጫት እንኳ ከዒድ በቀር የማልቀምስ ሰው፣ ሲጋራ የማላውቅ፣ መርፌ የሚሉትን ከልብስ ሰፊ እጅ ውጭ የማልወድ ሰው? ቢሆንም በሴት ፊት ፈራ እንዳልባል ጣቴን ዘረጋሁ። ትንሽ ቆይታ ለብቻዬ ወደ ውስጥ ጠራችኝ።

በሽታው እኔ ላይ ተገኘ።

ከየት መጣ አልኳት። ማወቅ አይቻልም አለች። ምናልባት ስወለድ ከእናቴ፤ ምናልባት ልጅ ሳለሁ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሰልፈው እንጥላችንን በአንድ ምላጭ የቆረጡን ቀን። ብዙ ሰው ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ዛሬ የታመምኩ ባልሆንም በየስድስት ወሩ መታየት አለብኝ፤ ጉበቱን መጉዳት ከጀመረ መድኃኒት አለ። ሚስቴ ዘቢባና ልጆቹም መጥተው መመርመር፣ ንጹሕ የሆነውም መከተብ አለበት። «ይምጡ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንደማልነግራቸው እያወቅኩ ነው ያልኳት።

በባጃጁ ስንመለስ ነገሩን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም። ለማቴዎስ ነገርኩት። እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ከእኔ አይወጣም» አለኝ።

አሁን ወደማፍርበት ቦታ ደርሻለሁ፤ ብዘለው ደስ ባለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ስድስት የሰፈር ሰዎች ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንበላለን። ለምን ዓሣ እንደሆነ የሐዋሳ ሰው አይጠይቅም። ሥጋ ያጣላል፤ የማን ቢላዋ አረደው፣ ማን ባረከው ይባላል። ዓሣ ግን ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይጠብቅ ከሐይቁ ወጥቶ ዘይት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እኛ እስላሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም ዓመት ሙሉ በአንድ ትሪ የምንቀርብበት ማዕድ እሱ ብቻ ነው። አማረች የምትባል ሴት ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ ጠብሳ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ጋር በትልቅ ትሪ ታቀርባለች፣ ስድስት እጅ ይገባል። ማቴዎስን ከሕክምናው በኋላ ወደዚያ ትሪ የጠራነው እኛ ነን። በዚያች ትሪ ላይ ሰው ሆኖ ተመልሷል ብል አላበዛሁም፤ ከሳምንቱ ሁሉ የሚጠብቃት ያቺን ሰዓት እንደነበር ራሱ ነግሮኛል።

እኔ ከተመረመርኩ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማቴዎስ መድኃኒቱን ሊጠጣ ሄዶ ዘገየ። አምስታችን ተቀምጠናል። እኔ ሌሊት አልተኛሁም፤ «ጉበት» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይንከባለላል። ቃሉን ካልተፋሁት የሚያንቀኝ መሰለኝ። የራሴ ነው ብዬ ልተፋው ግን አልቻልኩም። ስለዚህ በሰው ስም ተፋሁት። ይህን ማቴዎስን የጉበት መርፌ እያስወጋሁት እንደሆነ፣ ዋሱም እኔ እንደሆንኩ፣ በራሴ ወጪ በባጃጅ እያመላለስኩት እንደሆነ ኮራ ብዬ አወራሁ። ፎቶ ቤት ያለው ኤልያስ ዓሣውን አስቀመጠና ጉበቱን ነው እንዴ የሚያመው አለ። እንዳያመው ነው አልኩ። ማን ሰማኝ? በእኛ አገር አዋቂ ሰው መርፌ የሚወጋው ሲታመም ነው። ጤነኛ ሰው ሦስት ጊዜ ይወጋል ብትሉ ማን ያምናችኋል? ወዲያው አንዱ የወፍ በሽታ ነው አለ፤ ሌላው የሌሊት ወፍ ሲሸናበት የሚይዝ እንደሆነ አብራራ፤ ሦስተኛው ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ቅጠል የሚያውቅ ሰው አለ አለ። ኤልያስ ግን አንዷን ነገር ብቻ ጠየቀ፦ በትሪ ይተላለፋል ወይ? እኔ፣ በትሪ እንደማይተላለፍ ሲስተር አስቴር በሦስት ቋንቋ የነገረችኝ ሰው፣ «እንጃ» አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አማረች ትልቁን ትሪ አምጥታ መሃል አስቀመጠች፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን አምጥታ ማቴዎስ ፊት አኖረች። አንድ ቆሮሶ፣ ከጎኑ ትንሽ ዳጣ። ማን እንዳዘዛት አልጠየቀም። ሳህኑን አየ፣ ትሪውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ከማን እንደወጣ በአንድ እይታ ገባው። እኔ ምን አደረግኩ? እጄን ሰድጄ ከትልቁ ትሪ ቆረስኩ።

እስቲ አስቡት። ንጹሑ፣ የተከተበው ሰው ለብቻው ይበላል፤ በሽታው ያለበት ሰውዬ በትልቁ ትሪ ተከብሮ ተቀምጧል፤ አልፎም ኤልያስን ያጎርሳል። ይህ አንድ ቀን አይደለም። ወራት ነው የሆነው። ማቴዎስ አንዲት ቃል ተንፍሶ ሊገለብጠው ይችል ነበር። አልተነፈሰም። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ኋላ በሁለት ሳምንት አንዴ፤ ኋላ «ጎማ በዛብኝ» ማለት ጀመረ።

ስድስተኛው ወር ሲደርስ አንድ ዓርብ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር አስቴር ናት። ሰውዎ ትናንት መድኃኒቱን ጠጥቶ ለክትባቱ ሳይቆይ ሄደ አለችኝ። ያ ብቻ ቢሆን ሰኞ ይምጣ ባለችኝ። ዛሬ ጠዋት ግን መድኃኒቱንም ሊጠጣ አልመጣም። ይህን ስትል ድምጿ ተለወጠ። ከሕክምና የሚወጣ ሰው መጀመሪያ አንድ ቀን ነው የሚቀረው፤ ከዚያ የት እንደሚገኝ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቀብር የሄደ ሁሉ ያውቃል።

ጎሚስታው ውስጥ አገኘሁት። ከጎማው ውስጥ የወጣ ካላማደሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልጋል። ያልበዋል፣ ያዛጋዋል፣ አፍንጫውን በክንዱ ይጠርጋል። አጠገቡ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ለምን እንዳልሄደ ጠየቅኩት። ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ንጹሕ ሆኜም ለብቻዬ ከበላሁ መርፌው ምን ይጨምርልኛል?»

የመጣሁበትን ምክንያት በሌላ ተረጎመው መሰለኝ፣ ጎማውን ከውሃው አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ለዚያኛው ነገር ብለው ከሆነ የመጡት፣ አይፍሩ። አልናገርም።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዋስ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው፣ ማን ለማን ዋስ ሆኖ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። ብትችሉ ከዚህ የበለጠ ቃል ፈልጉልኝ፤ እኔ ያለኝ ይህ ነው። ነገ አንድ ቀን ብቻ አሞራ ገደል እንዲመጣ ለመንኩት። እስከ ነገ ሌላ ቦታ እንዳይሄድም አስማልኩት። በልጁ ማለ።

ቅዳሜ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። አማረች ትሪውን አቀረበች፣ ሳህኑንም አቀረበች። የሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ አሞሮች፣ የሚወረወርላቸውን አጥንት እየጠበቁ እንደ ዳኛ ቆመዋል። እኔ ተነሳሁና ወንበሬን ይዤ ማቴዎስ ጎን ተቀመጥኩ፤ ከሱ ሳህን ቆርሼ ጎረስኩ። ኤልያስ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው።

«የማቴዎስ ጉበት ደህና ነው» አልኩ። «በሽታው ያለው እኔ ላይ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከእናንተ ጋር የበላሁት እኔ ነኝ።»

ኤልያስ አንድ ቁራጭ ዓሣ በእጁ ይዞ ነበር፤ እንዳይጎርሰው ፈራ፣ እንዳይመልሰው አፈረ። ሌሎቹ ሦስቱ ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩ። እኔም ያን ቀን «እንጃ» ብዬ የበላሁትን መልስ ዘርግፌ አወጣሁ፦ በትሪ አይተላለፍም፣ በብርጭቆ አይተላለፍም፣ በሰላምታ አይተላለፍም፤ በደምና በግብረ ሥጋ ነው፤ ካላመናችሁ ምን ያህል ጊዜ እንዳጎረስኳችሁ ቁጠሩና ዓይናችሁን በመስታወት እዩ። ክትባት ማለት ደግሞ የታመመ ሰው ምልክት አይደለም፤ ከእኔ ሌላ ከመካከላችን ጉበቱ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ይህ ለብቻው ያስቀመጥነው ሰው ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት የተናገረው ኤልያስ ነው። «ታዲያ እኛስ ምን እንዳለብን በምን እናውቃለን?» አለ። እጁ ላይ የያዘውንም ጎረሰው።

ማቴዎስ እጁን ታጥቦ ተነሳና ሲስተር አስቴር እስከ ስድስት ሰዓት እንደምትገኝ ብቻ ነገረኝ። ዳጣ ዳጣ እየሸተትን ባጃጅ ውስጥ ገባን። የት እንደጠፋ ስትጠይቀው «ጎማዬ ተበሳብኝ» አላት። ሳቀች፤ ከዚያ ግን አስቀምጣ ያለፉትን ሁለት ቀኖች ሰዓት በሰዓት ጠየቀችው፣ ዓይኑን አየች፣ ክንዱን አየች። አልወደቀም። መድኃኒቱን ሰጠችው፤ ቀጥላ ሦስተኛውን መርፌ ወጋችው። ካርዱ ላይ ሦስተኛዋ ሣጥን ስትሞላ ከኋላው ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሮጥኩ፤ የአሞራ ገደል ወሬ ከእኔ ቀድሞ ዘቢባ ጋ እንዳይገባ። ነገርኳት። «አምስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ የምትገላበጠው ለዚህ ነው?» አለች። «እኔ ሁለተኛ ሚስት ልታገባ ነው ብዬ ነበር እኮ።» የተናደደችው በበሽታው አልነበረም፤ በዝምታዬ ነው፣ ያ ንዴት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልወጣላትም፣ እውነቷን ነው። ሰኞ ሄዳ ተመረመረች። ውጤቱ እስኪወጣ የጸለይኩትን ያህል ጸልዬ አላውቅም። ንጹሕ ናት፣ አልሐምዱሊላህ። የመጀመሪያውን ተወጋች። ሲስተር አስቴር ዋስ ስትጠይቃት ወደ እኔ ጠቆም አድርጋ «ይሄን አላምነውም» አለችና ማቴዎስን አስጠራች። ፈረመላት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስድስታችንም ተገናኘን። ኤልያስ ተመርምሮ ንጹሕ ወጥቷል፤ ፎቶ አንሺ ነውና ውጤቱን በመስታወት ፍሬም አድርጎ ሱቁ ውስጥ ሊሰቅለው ሲል ሚስቱ ከልክላዋለች። ክትባቱንም ጀምሯል። ሦስቱ ገና «እየሄድን ነው» እንዳሉ ናቸው፤ ይሄዳሉ፣ ካልሄዱም እወተውታቸዋለሁ። አማረች ትልቁን ትሪ መሃል አስቀመጠች። በሌላው እጇ፣ ከወራት ልማድ የተነሳ፣ ያችን ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ባዶዋን ይዛለች። ማን ፊት እንደምታኖራት ግራ ገባትና ቆመች። እርስ በርሳችን ተያየን። ማንም እኔ ፊት ይሁን አላለም፤ ማንም እሱ ፊት ይሁን አላለም።

ማቴዎስ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

«አምጪው፤ አጥንት እናስቀምጥበታለን» አለ።

የመጀመሪያውን አጥንት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።